ተቀባይ

ወሬው ደሴ ሲገባ ገና አልነጋም ነበር፤
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቧንቧ ውሃ ሰፈር
የሚኒባሱ መብራት መንገዱን ሲያጣው፣
ረዳቱ ነው ያኔ ከመልስ ጋር ያመጣው፦

«የጦይባን ሰማችሁ? መዝፈን ተወች አሉ።
ግጥም የለም፣ ቃል የለም፤ ዜማ ብቻ ነው ሁሉ።
የጃዝ አሳታሚ ነው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣
በመሣሪያ ብቻ ሸክላ ልታወጣ።»

«አሉ» የሚሏት ቃል ባለቤት የላትም፤
ታክሲ ትሳፈራለች፣ ሒሳብ አትከፍልም።

«ጉሮሮዋን ታማ ነው» አለ ከፊት ያለው።
«ባል ነው» አለች አንዲቷ፣ «ባል ነው የከለከለው።»
«ጃዝስ ምንድን ነው?» አሉ አንድ የበግ ነጋዴ፤
«አለመጨረስ ነው፣ ጀምሮ መተው፤ አያውቁም እንዴ?»
አለ የሆጤ ተማሪ ደብተሩን ታቅፎ።
ሳቁ ከጉሙ ጋራ ሄደ በመስኮት አልፎ።

እኔ ዝም አልኩ።
ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኜ፣
ሻሼን ወደ ዓይኔ ስቤ፣ ፊቴን ሸፍኜ።
ማንም አላወቀኝም። ማንስ ያውቀኝ ነበር?
በክሊፑ ያለሁት ከጭሱ ባሻገር።

ተቀባይ ነኝ እኔ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከእሷ ሁለት እርምጃ በግራ፤ ምልክት አለው ወለሉ።
አንድ ማይክ ለሁለት፣ ከዘሃራ ጋራ፣
ላቧ ትከሻዬን እያራሰው በተራ።
እሷ «ና» ስትለው እኛ «ናና» ስንል፣
የእሷ ናፍቆት በእኛ አፍ ሁለቴ ሲቃጠል።

አሁን ቃል ከሌለ እኔ ምን ልቀበል?
እንግዳ በደጃፍ፣ ደሞዝ በፊርማ፤
ይሄን በምን ልቀበለው፣ ጆሮዬ ቢሰማ?

ሐረጎ ላይ ሲደርሱ ጆሮ ይደፈናል፤
ጠመዝማዛው ቁልቁለት ሰውን ያደነቁራል።
ጋቢ ይወልቃል፣ ይከተላል ሹራብ፤
ቦርከና ይታያል፣ ቀጥኖ እንደ ሐሳብ።
ለሙዚቃ አይደለም የምወርደው፤ ሌላ ጉዳይ አለኝ፤
ካምናው ዘመን መለወጫ ቀሪ ሒሳብ አለኝ፣
አራት ሺህ ብር ነው፤ «ነገ» ሲሉኝ ዓመት አለፈኝ።

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣ የአባቷ ቤት፤
የቆርቆሮ አጥር፣ አሮጌ ባጃጅ የቆመበት።
እጄን አነሳሁ፣ ላንኳኳ።

የአባቷ አኮርዲዮን ነው። በሳሉ አወቅሁት።
ጋሽ እንድሪስ ከፈትል ክፍል ወጥቶ፣
ጥጡን ከጢሙ ሳያራግፍ፣
ለፋብሪካው ባንድ ይጫወትበት የነበረ።
አንዲት ቁልፍ አላት፣ ተጭነው ቢለቋት የማትነሳ፤
እሷ ጋ ሲደርስ ዜማው ያነክሳል።
ጦይባ ናት። አምባሰልን ትገፋዋለች፣
ትስበዋለች፣
ባነከሰበት ቦታ ቆማ ትጠብቀዋለች።
መቅጃ ይኑር አይኑር አላየሁም።
ፈረንጅም አላየሁም።
የቆርቆሮው ቀዳዳ ያሳየኝ ክርኗን ብቻ ነው።

ከዚያ እኔ የምገባበት ቦታ መጣ፣
አሥራ አንድ ዓመት የገባሁበት።
አፌ ራሱ ተከፈተ።
አኮርዲዮኑ አራት ምት ያህል ዝም አለ።
ለእኔ ትታልኝ ይሁን፣
አየር አልቆበት ይሁን፣
አላውቅም።
አልገባሁም።
አፌን እንደከፈትኩ ዝምታውን፣
አራቱንም ምት፣
ዋጥኩት።

ሒሳቤን ሳልጠይቅ ሽቅብ ተመለስኩኝ፣
ሹራቤን፣ ጋቢዬን ደርቤ ለበስኩኝ።
ረዳቱ ያው ልጅ ነው፤ መልሱን ሲቆጣጥር፣
«እህቴ፣ ከኮምቦልቻ ነሽ፤ ያ የጦይባ ነገር
እውነት ነው?» አለኝ። ጆሮዬ ሐረጎ ላይ ተደፍኖ፣
የገዛ ድምፄን ሰማሁት፣ የሌላ ሰው ሆኖ፦

«አሉ።»